ከፍል ውሃ እስከ አምስት ኪሎ፦ ሕይወት የቆመባቸው ንጥረ ነገሮች

ከሰውነታችን ክብደት 96 በመቶ ገደማውን የያዙት አራት ንጥረ ነገሮች ብቻ ናቸው፦ ኦክስጅን፣ ካርቦን፣ ሃይድሮጅንና ናይትሮጅን። ጎመኑም በጉም በዋናነት ከእነዚሁ ነው የተሠሩት። ከአዋቂ ሰው ክብደት ደግሞ 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። የውሃ ሞለኪውል በአንድ ጎኑ ፖዘቲቭ፣ በሌላው ኔጋቲቭ ቻርጅ ስላለው ጨውና ማዕድን በቀላሉ ያሟሟል። ደማችን ምግብ ማመላለስ የሚችለው በዚህ ነው።

የውሃን ጉልበት ለማየት መሃል ከተማ ያለው ፍል ውሃ ይበቃል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው ቤት ያሠሩት፣ አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚሁ ፍልውሃ ምክንያት ነው። ዝናቡ ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋል። እዚያ ይግላል። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ሲገናኝ ቆይቶ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይዞ ተመልሶ ይወጣል። ፍሎራይድ በመጠኑ ሲሆን ጥርስ ያጠነክራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በስምጥ ሸለቆ ያደጉ ሰዎችን የበለዘ ጥርስ ማየት ነው።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ አዮዲን ነው። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም ብቻ ነው፤ በጣም ትንሽ ቅንጣት ናት። እሱ ሲጎድል ግን እንቅርት ይወጣል፤ እናቲቱ በእርግዝናዋ ካጣችው ደግሞ የልጁ አእምሮ ይጎዳል። በደጋ አገር ዝናቡ አፈሩን ሲያጥበው ስለኖረ አዮዲኑ ሳስቷል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለውም በሽታው ለአገሩ አዲስ ስላልሆነ ነው። መፍትሔው አዮዲን ያለው ጨው ነው። አዮዲን ግን ይተናል። ስለዚህ ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨምሩት።

አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የምትገኘው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት አስቆጥራለች። ሥጋዋ የለም፤ አጥንቷ አለ። አጥንትን እንዲህ የሚያጠነክሩት ካልሲየምና ፎስፈረስ ናቸው።

መሃል ከተማው ከባሕር ወለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ይላል። እዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ያንን ኦክስጅን በደም ውስጥ የሚሸከመው ብረት ነው። ምስርና ጎመን ብረት አላቸው፤ ምግብ ላይ ሻይ ወይም ቡና ሲጠጣ ግን ብረቱ በደንብ ወደ ሰውነት አይገባም። አንድ ሰዓት ያህል ቆየት ማለት ይሻላል።