የወጪ መጋራት ዕዳ ምንድን ነው? ጋዜጠኝነትና ተግባቦት ለመማር ያሰበ ተማሪስ እንዴት ይመዝነዋል?

የወጪ መጋራት በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ለትምህርቱ ከወጣው ገንዘብ የራሱን ድርሻ፣ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ከገቢው እየተቀነሰ የሚከፍልበት ሥርዓት ነው። መሠረቱ በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የተጣለ ሲሆን፣ እርሱን ተከትሎ የወጣው ደንብ የምግብና የመኝታን ወጪ በሙሉ፣ የማስተማሪያውን ወጪ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ ተማሪው እንዲሸፍን ያደርጋል። በደሴና በኮምቦልቻ ግን ስሙን በአማርኛ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ ሁሉም «ኮስት ሼሪንግ» ይለዋል። ተማሪው ገና ሲገባ ስለሚፈርመው ውል ብዙም አይጨነቅም፤ ዕዳው የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ በምረቃ ሰሞን ነው።

ይህን ዕዳ ከተራ ብድር የሚለየው የአከፋፈሉ መንገድ ነው። ተመራቂው የሚከፍለው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ስለሆነ፣ የዕዳው ትልቅነት የሚወስነው በየወሩ የሚቆረጠውን ሳይሆን ክፍያው የሚቆይበትን ዘመን ነው። በየወሩ የሚቆረጠውን የሚወስነው ደመወዙ ነው፤ ደመወዝ ከሌለም የሚቆረጥ የለም። ስለዚህ «ዕዳው ስንት ብር ነው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የትምህርት ክፍል አያስመርጥም፤ ከጎኑ «ስንት ዓመት አብሮኝ ይቆያል?» የሚለው መነሣት አለበት።

ስሌቱን በግምት ቁጥር እንየው። አንድ ተመራቂ 60,000 ብር ዕዳ ይዞ በ9,000 ብር ደመወዝ ተቀጠረ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት 1,400 ብር ግብር፣ ለጡረታ 7 በመቶ ማለትም 630 ብር፣ ለወጪ መጋራት ደግሞ 900 ብር ሲቀነስበት 6,070 ብር በእጁ ይቀራል። ደመወዙ ባይጨምር ዕዳውን ለመጨረስ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ከ6,070 ብሩ ላይ ደሴ ውስጥ ሸዋ በር ወይም አረብ ገንዳ በተባሉት ሰፈሮች የቤት ኪራይ፣ ምግብና ትራንስፖርት ሲወጣ የሚተርፈውን እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ዋጋ ይዞ ቢያሰላው ይሻላል። ለተማሪዎች ምግብ የሚመደበው የቀን በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ማለቱም የምግብ ወጪ በሙሉ በተማሪው የሚታሰብ በመሆኑ የአዲስ ገቢዎችን ዕዳ ከታላላቆቻቸው ዕዳ ጋር ማነጻጸርን ከንቱ ያደርገዋል። በአንጻሩ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማር የደሴ ልጅ፣ ምግብና መኝታ እንደማይጠቀም በውሉ ላይ ካስመዘገበ ዕዳው በእጅጉ ይቀልለታል።

የገቢው ጉዳይ ከዕዳው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ተግባቦት ያጠና ሰው በአካባቢው በር የሚያንኳኳባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፤ የከተማና የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች፣ የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን የደሴ ኤፍ ኤም ጣቢያ፣ የዩኒቨርሲቲው የሕዝብ ግንኙነት ክፍል፣ እንዲሁም አልፎ አልፎ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝ የሚከተለው የሥራ መደቡን ደረጃ ስለሆነ፣ ተግባቦት ያጠናውና ታሪክ ወይም ሶሺዮሎጂ ያጠናው በአንድ ደረጃ ላይ ከተቀጠሩ መነሻቸው አንድ ነው። በእኔ ግምት ልዩነቱን የሚያመጣው መነሻው ሳይሆን የጥበቃው ርዝመት ነው፤ አንድ ወረዳ ኮሙኒኬሽን ባለሙያ የሚፈልግበት ቁጥር ጥቂት ነውና ማስታወቂያ እስኪወጣ ወራት ያልፋሉ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም ሌላ ደጅ ሆኗል፤ ያላለፈ ዲግሪ አያገኝም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ወረቀቱን ነው። ተመራቂው ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይወጣል፤ ዋናው ዲግሪ የሚሰጠው የወጪ መጋራት ክፍያውን ስለመጨረሱ ማረጋገጫ ሲያቀርብ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ለሚቆይ ሰው ይህ ብዙም አይጎዳውም። የተግባቦት ባለሙያ ግን እድገቱን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ በመዘዋወር ነው፤ ከሬዲዮ ወደ ግብረ ሰናይ ድርጅት፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ አገር የትምህርት ዕድል። እነዚህ ደግሞ ዋናውን ማስረጃ የሚጠይቁ ናቸው። ያን ጊዜ በየወሩ 900 ብር ሊከፈል የነበረው ዕዳ በአንድ ቀን ሙሉውን አምጣ ይላል። በየሥራው ዋጋ እየተከፈለው ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ የሚያስተዳድር ወጣት ደሞዙን ቆርጦ የሚያስገባለት አሠሪ ስለሌለው፣ ራሱ ሄዶ ካልከፈለ ዕዳው ሳይነካ ይቀመጣል።

በግል ኮሌጅ የሚማር ተማሪ የወጪ መጋራት ውል አይፈርምም፤ ዕዳ የለበትም ማለት ግን አይደለም። በወሎ ብዙ ቤት ውስጥ የኮሌጁን ክፍያ የምትልከው በዓረብ አገር የምትሠራ እኅት ናት፤ ወይም እናት የዕቁብ ዕጣዋን ለዚያ ታውለዋለች። ይህ ዕዳ ከደመወዝ 10 በመቶ ብቻ ቁረጥ የሚል ደንብ የለውም፣ ሥራ እስክታገኝ እጠብቃለሁ የሚልም ውል የለውም፤ ልጁ ሲመረቅ ታናሾቹን ያስተምራል ተብሎ ይጠበቃል። ስለዚህ በሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበት እንደ መንግሥቱ ዕዳ ሁሉ በቁጥር ተጽፎ ነው።

የትምህርት ክፍል ምርጫ ከመሞላቱ በፊት ሦስት ነገር ማጣራት ይበቃል። ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር የዘንድሮው የወጪ መጋራት ዓመታዊ ሒሳብ ስንት እንደሆነና በውሉ ላይ የማይፈለግ አገልግሎት መተው ይቻል እንደሆነ፤ ከከተማው ሲቪል ሰርቪስ ጽሕፈት ቤት ባለፉት ሁለት ዓመታት ስንት የኮሙኒኬሽን መደብ ማስታወቂያ እንደወጣና የመነሻ ደመወዙ ስንት እንደነበረ፤ በቅርብ ከተመረቁት ደግሞ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እስኪቀበሉ ስንት ወር እንደጠበቁ። የሦስተኛውን መልስ በየትኛውም ቢሮ ማግኘት ስለማይቻል ተመራቂዎቹን ራሳቸውን ፈልጎ መጠየቅ ግድ ነው።