ፓንዳስ ምንድን ነው? አንቲባዮቲኩስ የቱን ነው የሚያክመው?

ሰሞኑን አንድ ሰው በሙሉ ልብ እንዲህ ሲል ሰማሁ፦ «ፓንዳስ ማለት የቶንሲሉ ባክቴሪያ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ሲቀመጥ ነው። የልጁ ጠባይ እስኪስተካከል አንቲባዮቲኩን አለማቋረጥ ነው።» የሰሙት ወላጆች አመኑት። እንዴት አያምኑት? ልጃቸው በአንድ ጀንበር ሌላ ልጅ ሆኖባቸዋል፤ ሰውየው ምክንያቱንም መድኃኒቱንም በሁለት ዓረፍተ ነገር ሰጣቸው። እኔ ፋርማሲስት ነኝ። እዚህ አሜሪካ በሥራዬ ላይ ይህንኑ አባባል በተለያየ መልኩ ስሰማው ቆይቻለሁ። ቃሉም እየሰፋ ሄዶ አሁን አሁን ጉሮሮውን ታሞ የተነጫነጨ ልጅ ሁሉ «ፓንዳስ አለበት» እየተባለ ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

ፓንዳስ የተባለው ከስትሬፕ ኢንፌክሽን በኋላ የሰውነት መከላከያ መንገድ ስቶ በልጆች አእምሮና ነርቭ ላይ ያመጣዋል ተብሎ የሚታሰበው ችግር ነው። ስትሬፕ የምለው ቶንሲል የሚያሳብጠውን ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ ነው። ስያሜውን ያወጡት በአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት የነበሩት ዶክተር ሱዛን ስዊዶና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያዎቹን 50 ልጆች ታሪክ አሳተሙ፣ መስፈርትም አስቀመጡ። ልጁ ሊያቆመው የማይችለው ተደጋጋሚ ሐሳብና ድርጊት ወይም ቲክ ይኖርበታል፤ ቲክ ማለት ሳይፈልግ ዓይኑን ማርገብገብ፣ ትከሻውን መስበቅ፣ ጉሮሮውን መጥረግ ነው። ሕመሙ ከ3 ዓመት እስከ ጉርምስና ባለው ዕድሜ ይጀምራል። ድንገት ይመጣል፣ እየተነሳ እየበረደ ይሄዳል። ከስትሬፕ ጋር በጊዜ ይገናኛል። እንደ መቅበጥበጥ ያለ የነርቭ ምልክትም አብሮት ይታያል። በ2012 ደግሞ ፓንስ የሚባል ሰፋ ያለ ስያሜ መጣ፤ ምልክቶቹ ድንገት የጀመሩ ሆነው ስትሬፕ ባይገኝም የሚሰጥ ነው።

ከዚህ ሁሉ ሰው የሚዘለው «ድንገት» የሚለውን ነው። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

ድንገት ስል የምር ድንገት ማለቴ ነው። ወላጆቹ ቀኑን ይነግሯችኋል። «ማክሰኞ ማታ ደህና ተኝቶ ነበር» ይላሉ። ፓስታውን ጠራርጎ ይበላ የነበረ ልጅ «ያንቀኛል» ብሎ ምራቁን መዋጥ ሳይቀር ይፈራል። ከዳይፐር ከወጣ የቆየው ልጅ በየአሥር ደቂቃው ሽንቴ መጣ ይላል፣ ሲወስዱት ጠብ የሚል ነገር የለም። እናቱ መታጠቢያ ቤት ስትገባ በሩን እየደበደበ ያለቅሳል፤ ትናንት ግን ጎረቤት ጥላው ብትሄድ ግድ አልነበረውም። እጁን ቆዳው እስኪላላጥ ይታጠባል። ትምህርት ቤት የገባ ከሆነ ጽሑፉና ሥዕሉ በሳምንት ውስጥ ወደ ኋላ ይመለሳል። በወራት ቀስ እያለ የመጣ እልኸኝነት ግን ምንም ያህል ቢከፋ፣ ምንም ያህል ቶንሲል ቢመላለስበት፣ ፓንዳስ አይባልም። ሌላ ስም፣ ሌላ እርዳታ ይፈልጋል፤ ያንንም ልጅ በተሳሳተ ስም ስናዘገየው እንጎዳዋለን።

አሁን ወደ «ጭንቅላት ውስጥ ገባ» እንምጣ። አልገባም። ባክቴሪያው ጉሮሮ ላይ ነው ያለው። ግቢያችሁ ዘበኛ አለው እንበል። አንድ ሌሊት አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሌባ በር ላይ መጣ። ዘበኛው ካፖርቱን በደንብ አየ፤ ከዚያ ወዲያ አረንጓዴ ካፖርት ባየ ቁጥር ዱላ ያነሳል። ቤት ውስጥ ያሉት አያት ደግሞ ለብዙ ዘመን የሚለብሱት አረንጓዴ ካፖርት ነው። ዘበኛው ገብቶ አያትየውን መደብደብ ያዘ። ሌባው ባክቴሪያው ነው፤ ዘበኛው የሰውነት መከላከያችን ነው፤ ካፖርቱ ባክቴሪያውና የአእምሮው ክፍል የሚመሳሰሉበት መልክ ነው። አያትየው ደግሞ ቤዛል ጋንግሊያ የሚባለው፣ እንቅስቃሴንና ልማድን የሚያስተካክለው የአእምሮ ክፍል ነው። ሌባው ደጃፍ እንጂ ሳሎን አልደረሰም።

አንቲባዮቲክ ሌባውን ከበር ላይ ያስወግዳል። ሥራው ይኸው ነው። ሳሎን ለገባው ዘበኛ «ዱላህን አስቀምጥ» አይለውም። ለዚህ ነው አንዳንዱ ልጅ መድኃኒት በጀመረ በቀናት ውስጥ ሲሻለው ሌላው ሳምንታት የሚወስድበት። «በሦስተኛው ቀን ለውጥ የለም፣ ይቀየርልኝ» የሚለው ወላጅም፣ «ተሻለው» ብሎ በአምስተኛው ቀን ጠርሙሱን የሚያስቀምጠውም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አሞክሲሲሊን ወይም ፔኒሲሊን ለስትሬፕ ሲታዘዝ 10 ቀን ነው። አሥሩ ቀን የሚቆጠረው ለጉሮሮው ነው፤ በጠባይ አይለካም።

ዘበኛውን የሚያረጋጉ ሌሎች መድኃኒቶች አሉ፤ ፀረ ብግነት፣ ስቴሮይድ፣ ለከባዶቹ ደግሞ ከለጋሾች ደም የሚዘጋጅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለ የመከላከያ ፕሮቲን። እነዚህ የልዩ ሐኪም ጉዳዮች ናቸው። ማስረጃውም ገና እያከራከረ ነው፦ በ2016 በታተመ የ35 ልጆች ጥናት ኢሚዩኖግሎቡሊን ከማስመሰያው ፈሳሽ የላቀ ግልጽ ልዩነት አላሳየም። የዘበኛው ታሪክ ራሱም ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ያለው ሲደንሃም ኮሪያ በሚባለው፣ እጅና እግርን ያለፈቃድ በሚያወራጨው ሕመም ላይ ነው። ፓንዳስ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይሟገታሉ። «በደም ምርመራ ተረጋገጠልኝ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ምን ምርመራ እንደሆነ ጠይቁት፤ ለብቻው ፓንዳስን የሚያረጋግጥ ምርመራ የለምና።

ብዙ ጊዜ «ምርመራ» የሚባለው ኤኤስኦ ነው፤ ሰውነት ስትሬፕን ለመከላከል የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል በደም ውስጥ የሚለካ። ኤኤስኦ የዘበኛው መዝገብ ነው። «በዚህ ሰሞን አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሰው መጥቶ ነበር» ይላል እንጂ ዘበኛው አያትየውን መምታቱን አይጽፍም። ከኢንፌክሽኑ በኋላ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያ ይነካል፣ ከዚያም ለወራት ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ቁጥሩ ከፍ ቢል አያስገርምም። ቁጥሩን ለማውረድ ተብሎ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ደግሞ መዝገቡን ለመፋቅ መሞከር ነው። የጉሮሮ ናሙናም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከ100 ጤነኛ ልጆች 12 ያህሉ ምንም ሳይሆኑ ስትሬፕ በጉሮሯቸው ይዘው ይዞራሉ፤ በር ላይ ተቀምጦ ማንንም የማይነካ፣ ዘበኛውም የማይነሳበት ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ናሙናው ከታሪኩ ጋር ካልገጠመ ብቻውን ብዙ አይናገርም።

ትንንሾቹ ላይ ነገሩ ይበልጥ ይጠባል። ከ3 ዓመት በታች የስትሬፕ ቶንሲል ብዙም አያጋጥምም፤ ጉንፋንና ሌሎች ቫይረሶች ናቸው ጉሮሯቸውን የሚያቀሉት። ያለ ልዩ ምክንያት፣ ለምሳሌ ቤት ውስጥ በስትሬፕ የታመመ እህት ወይም ወንድም ከሌለ፣ ሐኪም በዚህ ዕድሜ ምርመራውንም አያዝዝም። የሁለት ዓመት ልጅ ደግሞ በተፈጥሮው ሥርዓት ይወዳል። ውኃው በሰማያዊው ኩባያ ካልሆነ ያለቅሳል፣ ጫማው ትክክል ካልተሰለፈ ይጮኻል፣ ዳቦው ከተቆረሰ «መልሰው ግጠሙት» ይላል። ይህ ዕድሜው ነው። ሦስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ግን ቀደም ሲል የማያውቀውን ፍርሃት በአንድ ሳምንት ውስጥ ከነሽንቱ፣ ከነእንቅልፉ፣ ከነምግቡ ይዞት ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት፤ ቀኑን ጻፉ፣ በስልካችሁ ቪዲዮ አንሱ፣ ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ጸጥ ሊል ይችላልና።

የማይጠብቅ ነገር አለ። ትኩሳት ኖሮት ከተወናበደ፣ ራሱን ከሳተ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ሊነቃ ካቃተው ስለ ፓንዳስ ማሰብ ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፤ የአንጎል ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። እጅና እግሩ ያለፈቃዱ እንደ ጭፈራ የሚወራጭ ከሆነ ደግሞ ያ ኮሪያ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ሲደንሃም በ17ኛው ክፍለ ዘመን የገለጸው፣ ከስትሬፕ በኋላ የሚመጣው፣ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት አንዱ መልክ። ያ ልጅ ልቡ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህንን ልናቃልለው አንችልም። በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ የሚወጋ፣ ወይም በሩማቲክ የልብ ሕመም የተቸገረ ዘመድ ወይም ጎረቤት የማያውቅ ስንቱ ነው? ያ መርፌ ለሩማቲክ ሕመም የማይታለፍ ነው፣ በደንብ የተረጋገጠ ነው። ፓንዳስ ላይ ግን የመከላከያ አንቲባዮቲክ ለረዥም ጊዜ መስጠት እንደዚያ አልተረጋገጠም። በ1999 የታተመው ጥናት ላይ በአፍ የተሰጠው ፔኒሲሊን ስትሬፑን ራሱን በቅጡ ሊከላከል አልቻለም፤ በ2005 በ23 ልጆች ላይ የተሠራው የተሻለ ውጤት አሳይቷል፣ ነገር ግን የሚነጻጸር ማስመሰያ አልነበረውም። ስለዚህ ሐኪሙ ለአንዱ ያዘዘውን ለሌላው ካላዘዘ ቸል ስላለ አይደለም። አያቶች እንጥሉ ይቆረጥ ካሉም እባካችሁ እንቢ በሉ። እንጥል መቁረጥ ስትሬፕን አይከላከልም፤ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ግን ያመጣል።

አንቲባዮቲክ እያለቀሰ የሚወስድ ሕፃን ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙኝ። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ አሞክሲሲሊን ከ14 ቀን በላይ አይቀመጥም። ባለፈው ዓመት የተረፈውን አትስጡ፤ ከአገር ቤት የመጣውን ካፕሱል ከፍታችሁ በግምት አትክፈሉ። በሻይ ማንኪያ አትለኩ፣ ሲሪንጅ ጠይቁን፣ በነጻ እንሰጣለን። ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ታች ከዘቀጠ ልጁ መጀመሪያ ውኃውን፣ መጨረሻ ላይ ክምችቱን ይጠጣል። ሲሪንጁን ወደ ጉሮሮው ሳይሆን ወደ ጉንጩ ውስጠኛ ክፍል አድርጋችሁ ትንሽ ትንሽ ልቀቁለት። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተቀላቀለው የተለያየ መጠን አለው፤ ወንድምየው የሚወስደውን ጠርሙስ ለዚህኛው «ያው ነው» ብላችሁ አትስጡ። አዚትሮማይሲን የሚባለው ሌላ አንቲባዮቲክ የታዘዘለትና ለጭንቀት ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካላችሁ ሁለቱን በአንድነት ለፋርማሲስቱ ንገሩ፣ የልብ ምት የሚያዛቡ ጥምረቶች አሉ። አዚትሮማይሲን ብግነትን የማብረድ ጠባይ ስላለው አንዳንድ ሐኪሞች ይመርጡታል። ይህ ግን «አንቲባዮቲክ የጠባይ መድኃኒት ነው» አያሰኝም፤ ሲረብሽ ትንሽ መስጠት፣ ሲረጋጋ ማቆም የሚባል አወሳሰድም የለም።

ጠባዩስ? እሱም ሕክምና አለው፤ ሰዎች አንቲባዮቲኩ ላይ ብቻ ሲያተኩሩ የሚቀረውም ይኸው ነው። ለተደጋጋሚው ሐሳብና ድርጊት የንግግርና የልምምድ ሕክምና ይሠራል፤ ለትንንሾቹ የሚሰጠው በአብዛኛው በወላጅ በኩል ነው። ልጁ አውቆ አይደለም። ቅጣት አይፈውሰውም። ፍርሃቱ ያዘዘውን ሁሉ መፈጸምም ፍርሃቱን ያሳድገዋል። «እማዬ፣ እጄ ቆሽሿል?» ብሎ ሲጠይቅ አንድ ጊዜ በእርጋታ መልሱለት፣ ሲደግመው «ፍርሃቱ ነው እየጠየቀ ያለው፣ እኔ አጠገብህ ነኝ» በሉትና ወደ ጨዋታው መልሱት። በጣም ይከብዳል፣ በተለይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ባልና ሚስት ተራ ግቡ፤ ለአክስትም ለጎረቤትም ንገሩ። «ቡዳ ነው» የሚሏችሁ ይኖራሉ። ጠበል መውሰድ የምትፈልጉ ውሰዱት፣ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

ልጁ መድኃኒቱን ከወሰደ በኋላ ቢያስመልሰው መጠኑን በራሳችሁ አትድገሙ። ስንት ደቂቃ እንደሆነው አይታችሁ ለፋርማሲው ደውሉ። በቆዳው ላይ ሽፍታ ከወጣ ከሚቀጥለው መጠን በፊት ደውሉ፤ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን እኛን አትጠብቁ፣ አምቡላንስ ጥሩ።