ማርች 8 ከኒውዮርክ ነው የመጣው?

የካቲት ማለቂያ ላይ ማይክ የሚይዝ ሰው ሁሉ ይህችን ታሪክ ይደግማታል። «በ1857 ማርች 8 ቀን የኒውዮርክ ሴት የጨርቃጨርቅ ሠራተኞች ሰልፍ ወጡ፣ ፖሊስ ደበደባቸው፣ የሴቶች ቀን በዓልም ከዚያ ጀመረ።» እኔም ለዓመታት አምኜያታለሁ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው።)

የሰልፉ ወሬ ግን በዘመኑ ጋዜጦች ላይ አልተገኘም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ምንጩን ሲያሳድዱ የደረሱት በ1955 በአገራቸው የኮሚኒስት ጋዜጣ ላይ ነው። «ሆነ» ከተባለ 98 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

«በእሳት ያለቁት ሴቶችስ?» የሚል አይጠፋም። እሳቱ እውነት ነው። በኒውዮርኩ ትራያንግል የሸሚዝ ፋብሪካ 146 ሠራተኞች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ወጣት ስደተኛ ሴቶች ነበሩ። መውጫ በር ተቆልፎባቸው ነበር። ቀኑ ግን ማርች 25፣ 1911 ነው። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን ደግሞ ከዚያ ስድስት ቀን ቀድሞ በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በዴንማርክና በስዊዘርላንድ ተከብሯል። የበዓሉን ሐሳብ ጀርመናዊቷ ሶሻሊስት ክላራ ዜትኪንና ጓደኞቿ በ1910 ኮፐንሃገን በተደረገ የሶሻሊስት ሴቶች ጉባኤ ላይ ሲያቀርቡ ቀን እንኳ አልቆረጡም።

የተባበሩት መንግሥታት ነው የፈጠረው የሚሉም አሉ። ድርጅቱ ማክበር የጀመረው በ1975 ነው። በ1910 እሱ ራሱ አልተወለደም።

ታዲያ 8 ቁጥር ከየት መጣች? ከሩሲያ። በ1917 የሴቶች ቀን ዕለት የፔትሮግራድ (የያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ) የጨርቃጨርቅ ሴት ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ። አገራቸው ጦርነት ላይ ናት፣ ለዳቦ መሰለፍ አንገፍግፏቸዋል። የሠራተኛው መሪዎች እንኳ «ጊዜው ገና ነው፣ ታገሱ» ሲሏቸው ነበር። ማን ሰምቶ! ወደ ብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ሄደው ወንዶቹንም ጠሩ። በሳምንቱ ንጉሡ ዙፋኑን ለቀቀ። ሩሲያ ያኔ በአሮጌው አቆጣጠር ስለነበረች ቀኑ ለእነሱ ፌብሩዋሪ 23 ነው፣ ለሌላው አውሮፓ ማርች 8። በእኛ ደግሞ የካቲት 29፣ 1909 ዓ.ም.።

የመጨረሻዋ፣ እኔን በጣም የምታበሳጨኝ፦ «ፌሚኒዝም ሲጀመርም ወንድን መጥላት ነው።» በ1848 አሜሪካ፣ ሴኔካ ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ስለ ሴቶች መብት ስብሰባ ተደረገ። መግለጫው ላይ 68 ሴቶች ፈረሙ። 32 ወንዶችም። «ሴቶች ድምፅ ይስጡ» የሚለው ሐሳብ ለብዙ ተሰብሳቢዎች፣ ለሴቶቹም ጭምር፣ ከልክ ያለፈ መስሎ ታይቶ ነበር። ተነሥቶ የተሟገተለት ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። ሐሳቡም ለጥቂት አለፈ።

ሕግ እስኪሆን ግን 72 ዓመት ፈጀ። በ1920 ከፈራሚዎቹ በሕይወት የቀረችው ሻርሎት ውድዋርድ ብቻ ነበረች። እሷም ታማ ስለነበር ሳትመርጥ ቀረች።