የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽና የቦርከና ወንዝ፦ የአካባቢ ስጋት ግምገማ

ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወረድ ብላ የምትገኝ የወሎ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቅ፣ ቢራ፣ ሥጋ፣ ቆዳና ብረታ ብረት ታመርታለች። በዚህ በኩል የሚስተካከላት በአካባቢው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፋብሪካዎቹ ፍሳሽ ለዮሌና ወርቃ በሚባሉት ትንንሽ ወንዞች አድርጎ ቦርከና ይገባል።

ነገሩን የሚያከብደው የቦርከና መንገድ ነው። ወንዙ በከሚሴ በኩል የጨፋን ረግረግ እያራሰ አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ባሕር ላይ ነዳጅ የሚቆፍሩ ሰዎች «ውኃው ሰፊ ነው፣ ይበርዘዋል» ማለት ይቀናቸዋል። እዚያም ቢሆን በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ውሳኔ ከ1 በመቶ በላይ ዘይታማ ፈሳሽ የያዘ የቁፋሮ ፍርፋሪ፣ ማለትም ከጉድጓዱ የሚወጣ የድንጋይ ስብርባሪ፣ ባሕር ውስጥ መጣል ተከልክሏል። እኛ ጋ መበረዣ ባሕሩም የለም።

የስጋቱ ስሌት ግን ለባሕሩም ለወንዙም ያው ነው። በውኃው ወይም በደለሉ ውስጥ የተገኘው መጠን፣ ሕይወት ያለውን አይጎዳም ተብሎ ለተቀመጠው መጠን ይካፈላል። ውጤቱ ከ1 ካለፈ ስጋት አለ ማለት ነው።

በደንብ የተጠናው ጊዜ የ2005 እና የ2006 ዓ.ም. ክረምት ነው። በታተመው ጥናት ሁለት ብረቶች ጎልተው ወጡ፦ ከቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም፣ ከብረታ ብረት ፋብሪካ ዚንክ። የዚንኩ ምንጭ ብረት እንዳይዝግ የሚለብሰው ሽፋን ነው። ክሮሚየሙ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ቆዳው በትልልቅ የሚሽከረከሩ በርሜሎች ውስጥ ከክሮሚየም ጨው ጋር ይታሻል። በተለመደው አሠራር ቆዳው ጨዉን ሁሉ አይመጠውም፤ ሲሶ ያህሉ ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ከሚያደላው ውኃ ጋር ይወጣል። ኖራ ሲጨመርበት የውኃው አሲድነት ይቀንስና ክሮሚየሙ ረግቶ ይዘቅጣል። ውኃው ጠራ ማለት ግን ጉዳዩ አለቀ ማለት አይደለም። ዝቃጩ የት ይጣል የሚለው ጥያቄ ይቀራል። ወንዝ ውስጥም እንደዚሁ ነው፤ ብረቱ ጭቃው ላይ ስለሚቀመጥ ውኃውን ብቻ የለካ ሰው ይሸወዳል።

የቢራና የሥጋ ፍሳሽ መርዝ አይደለም፤ ሲበሰብስ ግን የወንዙን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጥፋቱን ሁሉ በፋብሪካዎቹ ላይ መደፍደፍ ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። የደሴና የኮምቦልቻ የቤት ፍሳሽ፣ የእርሻው ማዳበሪያም እዚያው ወንዝ ይገባል። የየድርሻቸው ልክ ያከራክራል።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ 300/1995 ብክለት ቁጥጥርን ደንግገዋል። ከጥናቱ ወዲህም ነገሮች ተለውጠዋል፦ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። በ2014 ዓ.ም. ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች፣ ፋብሪካዎቿም ተዘረፉ።

የክረምቱ ልኬት ብቻውን ስጋቱን አሳንሶ ሊያሳይ ይችላል። በክረምት ጎርፉ ፍሳሹን ያቀጥነዋል። በበጋ ወንዙ ሲሳሳ ያው ፍሳሽ ይወፍራል። ገበሬው አትክልቱን በመስኖ የሚያጠጣው፣ አርብቶ አደሩም ከብቱን ይዞ ጨፋ የሚወርደው በበጋ ነው። ለስጋት ግምገማው የሚያስፈልገውም የዚያ ወቅት ናሙና ነው፣ ያውም ከጭቃው ጭምር።