ሴሌክሽን ምንድን ነው? ጉንዳኖቹን አትመኗቸው

ሰሞኑን ፎቶሾፕ አስተምራለሁ የሚል አንድ ወንድም ቪዲዮ ላይ እንዲህ ሲል ሰማሁት፦ «ሴሌክት ማድረግ ማለት ሰውየውን ከባክግራውንዱ መቁረጥ ነው። መስመሩ ውስጥ ያለው ተመረጠ፣ ውጭ ያለው ቀረ።» እዚህ ጅማ ፎቶ ቤቶችም ውስጥ ይሄን የማይል ልጅ አላገኘሁም። ውጤቱ ደግሞ በየሳሎኑ ተሰቅሏል፤ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ፊት የቆሙ ሙሽሮች፣ ፀጉራቸውን ነጭ መስመር የዞረው። (ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጅሬን እዚሁ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ ለምን ስቱዲዮ ተነስተው እዚያ እንደሚለጠፉ ሌላ ጥያቄ ነው።)

ሴሌክሽን መስመር አይደለም። መቁረጥም አይደለም። ለእያንዳንዱ ፒክስል (ፎቶው ለተሠራባት ለእያንዳንዷ ትንሽ የቀለም ነጥብ) የተሰጠ ቁጥር ነው፤ በተለመደው 8 ቢት ፎቶ ከ0 እስከ 255። 0 ማለት ጭራሽ አልተመረጠም። 255 ማለት ሙሉ በሙሉ ተመርጧል። 128 ማለት ግማሽ ገደማ። ብታበሩት፣ ቀለሙን ብትቀይሩት ወይም ብታጠፉት፣ ሥራችሁ ፒክስሉ ላይ የሚያርፈው በዚያ ቁጥር ልክ ነው።

የጅማ ሰው ይሄን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። ቡና ማሳ ውስጥ ዋንዛ ሥር ቁሙና ጥላው የት ላይ እንደሚያበቃ በጣታችሁ አሳዩኝ። ግንዱ አጠገብ ያለው ቡና ፀሐይ ብዙም አያየውም። ዳር ሜዳው ላይ ያለው ሙሉውን ያገኛል። መሃል ያለው ደግሞ በቅጠሉ መካከል የሾለከለትን ያህል። ኤዲታችሁ ፀሐይዋ ናት፤ ለየትኛው ፒክስል ምን ያህል እንደሚደርሰው የሚወስነው ሴሌክሽኑ ነው። ማስክ የምትሉት፣ ከፎቶው ጋር ተያይዞ የሚቀመጠው ሴሌክሽን፣ ያው ነው። ልዩነቱ ዛፉ ተተክሎ መቅረቱ ነው፤ ነገ ተመልሳችሁ ቅርንጫፍ ትገርዛላችሁ፣ ከፈለጋችሁም ታሳድጉታላችሁ። ፀሐይ ትዞራለች፣ ሴሌክሽን ግን ካላንቀሳቀሱት አይዞርም። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያበቃል።

ታዲያ ስክሪኑ ላይ የሚርመሰመሰው የተቆራረጠ መስመር፣ ጉንዳን የሚሉት፣ ምንድን ነው? እሱ የሚከበው ከግማሽ በላይ የተመረጠውን ብቻ ነው። 40 በመቶ የተመረጠ ፒክስል ከጉንዳኖቹ ውጭ ይቀራል፤ ኤዲቱ ግን ይነካዋል። ከግማሽ በላይ የተመረጠ ፒክስል ከሌለ ደግሞ ፎቶሾፕ ራሱ «የሴሌክሽኑ ጠርዝ አይታይም» ብሎ ያስጠነቅቃል። ሰው ኦኬ ይልና «አልሠራም» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ሠርቷል እኮ! እውነቱን ማየት ከፈለጋችሁ ኪው የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፤ ጊምፕ በሚባለው ሌላው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ሺፍት ጨምሩበት። ቀይ የሸፈነው ያልተመረጠው ነው። ሳሳ ያለ ቀይ ካያችሁ በከፊል የተመረጠ አለ ማለት ነው።

«መስመር ነው» ለሚለው ወንድም አንድ ፈተና አለኝ። ነጠላ የለበሱ እናት ፎቶ ይዘህ ባክግራውንዱን ቀይርልኝ። ነጠላው ስስ ነው፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ይታያል። ሙሉ በሙሉ ከመረጥከው የድሮው ግድግዳ አብሮ ይመጣል። ከተውከው እናታችን ነጠላቸውን ያጣሉ። የሚያዋጣው የመሃሉ ቁጥር ነው። የነጠላው ጥለት ግን ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ወደ 255 ይጠጋል። አንድ ልብስ፣ ሁለት ዓይነት ቁጥር። በመስመር እንዴት አድርገህ ነው ይሄን የምትከበው?

መልሱን አውቀዋለሁ፤ «ፌዘር ስጠው» ይለኛል። ፌዘር የሴሌክሽን ጠርዝ ማለስለሻ ነው፤ ጠርዙን ሁሉ እኩል ያደበዝዛል። የኮት ትከሻ ግን ስል ነው፣ ፀጉር ለስላሳ ነው። ሁለቱን እኩል ስታደበዝዝ ትከሻው ጭጋግ ይለብሳል። ደግሞ ፌዘር የሚለካው በፒክስል ነው። 5 ፒክስል 600 ፒክስል ስፋት ባለው ፎቶ ላይ ብዙ ነው፤ 6000 ባለው ላይ ከነመኖሩም አይታወቅ። ስለዚህ «ፌዘር 5 አድርጉ» የሚል ምክር የፎቶው መጠን ካልተነገረ ዋጋ የለውም።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሴሌክሽኑ ፍጹም ቢሆንም ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል ራሱ የተደባለቀ ቀለም ነው። የእኛ አገር ደግሞ አረንጓዴ ነው። ሣር ላይ የተነሳች ልጅ የፀጉሯ ዳር አረንጓዴ ይዟል፤ ቀይ መጋረጃ ፊት ስትለጥፏት ያ አረንጓዴ ይጮሃል። ይሄ የቀለም ችግር ነው። በቁጥሩ ብትጫወቱ አይለቅም፤ ቀለሙን ራሱን ማረም ያስፈልጋል። ስታነሱ ሰውየውን ከኋላው ካለው ነገር ራቅ ማድረግ ግማሹን ድካም ይቀንሳል።

«አሁን እኮ ኤአይ በአንድ ክሊክ ይሠራዋል» የምትሉም አላችሁ። ፎቶሾፕ ሰውን ራሱ ለይቶ የሚመርጥ ቁልፍ ያመጣው በፈረንጆቹ 2018 ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። የሚሰጣችሁ ግን ያንኑ ከ0 እስከ 255 ያለ ካርታ ነው፤ ነጠላው ላይ ሲሳሳት የምታርሙት እናንተው ናችሁ። ደንበኛ በቴሌግራም የላከው ፎቶ ከሆነ ደግሞ ጠርዙ ቀድሞውኑ ተጨፍልቋል። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልክ ንገሩት።

ሌላው ጄፔግ ነው፤ ሴሌክሽንም ማስክም አይዝም። ነገ የምትመለሱበት ሥራ ከሆነ ሴሌክሽኑን በቻናል (ፋይሉ ውስጥ ሴሌክሽን በሚቀመጥበት ቦታ) አስቀምጡና ፋይሉን በፎቶሾፕ የራሱ ዓይነት፣ በፒኤስዲ ሴቭ አድርጉ፤ ጊምፕ ከሆነ በእሱ ዓይነት፣ በኤክስሲኤፍ። ለደንበኛው የሚሄደውን ጄፔግ ከዚያ ለብቻው አውጡ።