ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ የሚያወጣው የትኛው ጉድጓድ ውስጥ ነው?

በቅርቡ እዚህ ሐዋሳ አንድ የእድር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። አንድ ወጣት ተነሳና "የድንኳኑ ኪራይ ገንዘብ የት ገባ?" ብሎ ጠየቀ። ሰብሳቢው መልስ አልሰጡትም። "ልጄ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" አሉት። ሰው ሳቀ፣ ልጁም አፍሮ ተቀመጠ። እኔ ግን በጣም ከፋኝ። ለልጁም አዘንኩ፣ ለተረቱም አዘንኩ።

ዛሬ ዛሬ ይህን ተረት የምናወጣው ሰው እንዳይጠይቅ ስንፈልግ ነው። መጀመሪያ የተረቱት ሰዎች ለዚህ አላሰቡትም ባይ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት አሞራ ገደል አካባቢ መንጠቆ ይዤ ሐይቁ ዳር መቀመጥ እወዳለሁ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ ትርፍራፊ እየጠበቁ አጠገቤ ይቆማሉ። ትሉን ሰክቶ መጣል፣ ከዚያ መጠበቅ ነው። ቆሮሶ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣም ነፋሱ አለ። ከተማ ያደገ ሰው ተረቱ ስለዚህ የሚያወራ ይመስለዋል። ጉርጎራ ግን ሌላ ነው። በመንጠቆ ዓሣው ወደ አንተ ይመጣል። በጉርጎራ ቤቱ ድረስ የምትገባው አንተ ነህ።

እኔ ያደግኩት ጎጃም ገጠር ነው። በጋው ሲጠና ወንዛችን ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል። ዓሣው ዳር ዳሩን፣ የሾላ ሥር መሐል ያሉ ጉድጓዶች ውስጥ ይወሸቃል። እረኞቹ ልብሳቸውን ድንጋይ ላይ ጥለው ይገባሉ። መጀመሪያ በዱላ ይነካኩታል፣ ቀጥሎ እጅ ይገባል፣ እስከ ብብት። ብርብራ ወቅጠው ውሃው ላይ የሚበትኑም ነበሩ፤ ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። የኛዎቹ ግን ይህን ይንቁት ነበር። ትንሽ ትልቁን አንድ ላይ ይፈጃል፣ ደግሞም ሙያ የለውም።

ከሁሉ የሚከብደው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፣ ያሙለጨልጫል። ጨለማ ውስጥ እጅህ ለስላሳ ነገር ሲነካ ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ልብ ቀጥ ይላል። ለዚህ ነው እረኞቹ ሕግ የነበራቸው። አፉ ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ የሰጠመ ጉድጓድ ይጎረጎራል። ግማሽ አፉ ከውሃ በላይ የሆነ ግን አይነካም፤ አየር የሚተነፍስ ነገር ሊኖርበት ይችላላ! በኛ ወንዝ አርጃኖ የሚባል ትልቅ የውሃ ዳር እንሽላሊት ነበር። ሕጉን ንቆ እጁን የከተተ አንድ ልጅ ጣቱን ተነክሶ እያለቀሰ ሲወጣ ዛሬም ይታየኛል።

ዘንዶውስ ከየት መጣ? በኛ አገር ዘንዶ ያየ ሰው አልነበረም። ዘንዶ ቆላ ይኖራል፣ ውሃ ዳር ይወዳል፣ ሲዋኝም አይቻልም። ስለዚህ ተረቱ የተወለደው ቆላ ወንዝ ዳር ነው ብዬ አምናለሁ። ለእርሻና ለንግድ ወደ ቆላ የሚወርዱ ደገኞች ይዘውት ወጥተው ይሆናል። የተወለደበት ወቅት ደግሞ የበጋው መጨረሻ መሆን አለበት። ውሃው ሲያንስ ዓሣውም ዘንዶውም በቀረችው ጥግ ይሰበሰባሉ። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ማን ይጎረጉራል?

ከዚህም አልፌ እሄዳለሁ። ተረቱን ያወጣው ሙያውን ያወቀ ጎርጓሪ ነው፣ ጀማሪ ሲያስተምር። ፈሪ ሰው ቢሆን ኖሮ "ወንዝ አትግባ" ብሎ ይጨርስ ነበር። ይህ ሰው ግን ወንዙን ይወዳል፤ እጁ ስንቴ ዓሣ ይዞ ወጥቷል። ልጁ ጉድጓድ ለይቶ እንዲገባ ነው የፈለገው።

የተረቱ ትክክለኛ ቦታ ታዲያ ሌላ ነው። ባሏ ተኝቶ ሳለ ስልኩን የምትበረብር ሴት፣ የሚስቱን ቦርሳ የሚፈትሽ ባል፣ ሽማግሌ ገብቶበት የታረቀ ጠብ ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚያነሳ ዘመድ። እነዚህ እጃቸውን ግማሽ አፉ ክፍት የሆነ ጉድጓድ ውስጥ ከተዋል፤ ለእነሱ ይተረት። አባል ሁሉ ያዋጣው ገንዘብ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ፊት ሲጠየቅ ግን ምኑ ነው ጉርጎራ? መዝገቡን ገልጦ ማሳየት ይበቃ ነበር።

በልጆች ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ባለፈው ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷን ስትጠይቅ ሰማሁ። ጥቁር ውሃ ወንዝ ሁልጊዜ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ታዲያ ሐይቁ ለምን ሞልቶ አይፈስም? እናትየዋ ይህንኑ ተረት አለቻት። እንዴት ያለ ጥሩ ጥያቄ ነበር! ከሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለም። አብዛኛው ውሃ በፀሐይ ይተናል፣ ከፊሉ ወደ መሬት ይሰርጋል። ልጅ እንዲህ ሲጠይቅ ቁጭ ብሎ ማስረዳት ነው እንጂ ዘንዶ መጥራት ምን ይሉታል?