የታይሮይድ ኢላስቶግራፊ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢላስቶግራፊ አልትራሳውንድ በታይሮይድ (ከአንገት ፊት ባለው ዕጢ) ላይ የወጣን እብጠት ጥንካሬ እንዲያሳይ የሚያደርግ ዘዴ ነው። ጨረር የለውም፤ ከተራው የአልትራሳውንድ ምርመራ ጋር በዚያው ፕሮብ (ቆዳ ላይ በሚደረገው የማሽኑ እጀታ) ይሠራል። ከቀዶ ጥገና በፊት የታይሮይድ ካንሰርን ለመጠርጠር ይረዳል፤ የሚነገርለት ሁሉ ግን ትክክል አይደለም።

«ጠንካራው ካንሰር ነው፣ ለስላሳው ሰላም ነው።»
ግማሹ እውነት ነው። ከታይሮይድ ካንሰሮች በብዛት የሚታየው ፓፒላሪ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ካልሲየም የቋጠረ ወይም ጠባሳ የያዘ ጤናማ እብጠትም ይጠጥራል፤ በሃሺሞቶ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ በሚያጠቃበት በሽታ) የተቆጣ ዕጢም እንዲሁ። ይበልጥ የሚያሳስበን ተቃራኒው ነው፦ ፎሊኩላር የሚባለው ሌላው የታይሮይድ ካንሰር ዓይነት ለስላሳ ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። እሱን የመርፌ ናሙናም ቢሆን ከጤናማው ፎሊኩላር እብጠት አይለየውም። የሚታወቀው እብጠቱ ወጥቶ፣ ሽፋኑን ወይም የደም ሥርን ሰብሮ መግባቱ በማይክሮስኮፕ ሲረጋገጥ ነው።

«ቀይ ከታየ መጥፎ ነው።»
እንደ ማሽኑ ነው። በአንዳንዱ ጠንካራው ሰማያዊ ሲሆን በሌላው ቀይ ነው። ምስሉን ይዞ ሌላ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ታካሚ በምስሉ ጎን ያለው የቀለም መለኪያ ተቆርጦ እንዳይቀር ያረጋግጥ፤ ያለ እሱ ቀለሙ ምንም አይናገርም።

«በቁጥር ከተለካ አይሳሳትም።»
ሺር ዌቭ የሚባለው፣ በሥጋው ውስጥ የሚያልፍን ሞገድ ፍጥነት የሚለካው ዓይነት በእርግጥ ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩን የሚያበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እጅ ነው። ፕሮቡ አንገትን በተጫነ ቁጥር ለስላሳውም ሥጋ እየጠጠረ ስለሚሄድ ጤናማው እብጠት አጠራጣሪ ይመስላል። ስለዚህ ጄሉ በዛ ተደርጎ ፕሮቡ ቆዳውን ነካ ብቻ ያደርጋል፤ ታካሚው ለጥቂት ሰከንድ ትንፋሹን ይዞ ምራቅ ሳይውጥ ይቆያል፤ ቀለሙ ሲረጋ ይለካል፤ ልኬቱ ይደጋገምና መካከለኛው ይወሰዳል። ፕሮቡን በአንገቱ ርዝመት መያዝ የአንገት ደም ሥር ትርታ የሚፈጥረውን ብዥታ ይቀንሳል። ቁጥሩ በየትኛው አሃድ እንደተለካም ይጻፍ፦ የሞገዱ ፍጥነት በሰከንድ 2 ሜትር ሲሆን ጥንካሬው ወደ 12 ኪሎፓስካል ነው፣ 3 ሜትር ሲሆን ግን ወደ 27። የአንዱን ማሽን የጥርጣሬ ወሰን በሌላው ላይ መጠቀምም ያሳስታል።

«ለማንኛውም እብጠት ይሆናል።»
አይሆንም። ውኃ የበዛበት፣ ዙሪያውን እንደ እንቁላል ቅርፊት ካልሲየም የከበበው፣ ወይም የአየር ቧንቧ ላይ የተደገፈ እብጠት አስተማማኝ ውጤት አይሰጥም። በአገራችን ደጋማ አካባቢዎች የሚታየው፣ ብዙ እብጠቶች የተያያዙበት ትልቅ እንቅርትም ያስቸግራል፤ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ጤናማ ሥጋ አይተርፍበትም።

«መርፌን ያስቀራል።»
በ2017 የወጣው የአሜሪካ ራዲዮሎጂ ኮሌጅ ቲራድስ (የታይሮይድ እብጠትን በአጠራጣሪነቱ ደረጃ የሚመድብ መመሪያ) ነጥብ የሚሰጠው ለይዘት፣ ለብሩህነት፣ ለቅርጽ፣ ለጠርዝና ለነጫጭ ነጠብጣቦች ነው፤ ጥንካሬ አልተካተተም። በዚህ መመሪያ 5ኛ ደረጃ ያገኘ እብጠት ከ1 ሴንቲ ሜትር፣ 4ኛ ደረጃ ያገኘ ደግሞ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ ለስላሳም ቢሆን መርፌ ይገባዋል። ኢላስቶግራፊ የሚጠቅመው ከብዙ እብጠቶች መካከል መርፌው መጀመሪያ የትኛው ላይ ይግባ ሲባል፣ ወይም የመጀመሪያው ናሙና በቂ ሕዋስ ሳይኖረው ሲቀርና የእብጠቱ የትኛው ክፍል ይወጋ ሲባል ነው።